«ለጊዜው» የተባለው ሽቦ

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ላኪዋን አስፈቅጄ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። ፋብሪካውን የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቼበታለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ የማታ ሺፍት ኃላፊ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ክሬሸር በምንለው የፕላስቲክ መፍጫ ማሽን ላይ የሚሠራ አንድ ልጅ የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች አጣ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ሆዱ በፕላስቲክ እንደተሞላ ቆመ። እንዲህ ሲቆም ውስጡ ያለው ካልወጣለት መልሶ አይነሣም። ልጁ ክዳኑን ከፍቶ የተሰነቀረውን በእጁ ማውጣት ጀመረ። በዚህ መሐል ጄኔሬተር ተነሣና ማሽኑ በራሱ ዞረ።

ሥራ አስኪያጃችን ‹በሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ አደጋ› ብለሽ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ዝጊው ብሎኛል። ልጁም ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቀው ‹ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ› አለኝ። እውነትም ብሬከሩን፣ ወደ ማሽኑ የሚመጣውን መስመር የሚያቋርጠውን ማጥፊያ፣ ማጥፋት ነበረበት። ግድግዳው ላይ ‹ከማጽዳትዎ በፊት ያጥፉ› የሚል ጽሑፍ አለ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የማሽኑ ማብሪያ ከተቃጠለ ሁለት ወር አልፎታል። ኤሌክትሪሻኑ ለጊዜው ብሎ በቀጥታ ከብሬከሩ ጋር አገናኝቶልን ነው የምንሠራው የነበረው። እኔም አውቅ ነበር። ምን ብዬ ልጻፍ? የአደጋ መንስኤ ማጣራት የሚባለውስ ከየት ነው የሚጀመረው? ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። — እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከቃሊቲ»

እህቴ፣ ከሁሉም በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ማሽኑ አሁን እንዴት ነው የሚሠራው? ይህን አልነገርሽኝም። አሁንም በቀጥታ ከብሬከር ጋር ተገናኝቶ እየዞረ ከሆነ ይህን ማንበብ ተዪና ሄደሽ አስቁሚው። ሪፖርቱ ነገም ይደርሳል። መብራት ግን ዛሬ ማታ ሄዶ ሊመጣ ይችላል። ማስቆም የኔ ሥልጣን አይደለም ካልሽ፣ ሥልጣን ላለው ሰው በጽሑፍ አሳውቂ። በቃል ብቻ አይሁን።

እሺ፣ አስቆምሽው እንበል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ልጁ ጻፍሽ፤ ስለ አለቃሽ ጻፍሽ፤ ስለ ግድግዳው ጽሑፍ ጻፍሽ። ዋናው ነገር ግን መጨረሻው ላይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሾልኮ አለፈ። «ለጊዜው ብሎ በቀጥታ አገናኝቶልን።» እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ስሰማ ዛሬም ይቀፈኛል። ፋብሪካ ውስጥ እንደ «ለጊዜው» ዕድሜው የሚረዝም ነገር አላየሁም።

ሽቦው ምን እንዳደረገ ላስረዳሽ። ማሽኑ ሲገዛ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ነበረው። አረንጓዴውን ስትጫኚ ኮንታክተር በሚባለው ዕቃ ውስጥ ያለች ጥቅል ሽቦ ማግኔት ትሆንና መስመሩን ስባ ትይዛለች። ጣትሽን ብታነሺም አትለቅም። መብራት ሲሄድ ግን ማግኔትነቷ ይጠፋል፤ ትለቃለች። መብራት ቢመለስ በራሷ መልሳ አትይዝም። ሰው መጥቶ አረንጓዴውን እስኪጫን ትጠብቃለች። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም። ሰው ማሽን ውስጥ እጁን አስገብቶ ሳለ መብራት ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ያሰበ ሰው ነው እንዲህ አድርጎ የሠራው።

«ማብሪያው ተቃጠለ» ያልሽው ይህን ኮንታክተር ይመስለኛል። ኤሌክትሪሻኑ እሱን ዘልሎ ሞተሩን ከብሬከር ጋር ሲያገናኘው ምን ምን አብሮ እንደሄደ ቁጠሪ። አረንጓዴው ቁልፍ ሄደ። ቀዩ ማቆሚያ ሄደ። ክዳኑ ላይ ስዊች ካለው፣ ክዳን ሲከፈት ማሽኑን የምታጠፋዋ ትንሿ ስዊች፣ እሷም ሥራዋ በኮንታክተሩ በኩል ስለሆነ ጌጥ ሆና ቀረች። ሞተሩ ሲጨነቅ የሚያጠፋው መከላከያም እንደዚያው። አንድ ዕቃ ተቃጠለ፤ አራት መከላከያ ወደቀ። ማንም ግን አራት ነገር አጣን አላለም። ማሽኑ ይዞራላ!

ስለዚህ ልጁ ማሽኑ የቆመ መስሎት ነበር። ማሽኑ ግን መብራት እየጠበቀ ነበር።

አሁን ወደዚያች «የጥንቃቄ ጉድለት» ወደምትባል ሐረግ እንምጣ። ታሪክ አላት። ኸርበርት ሃይንሪክ የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ ትራቨለርስ በሚባል የኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 ከመቶ የሥራ አደጋ 88ቱ የሚመጣው ከሠራተኛው አደገኛ ድርጊት ነው ብሎ ጻፈ። 10ሩ ከቦታውና ከመሣሪያው ሁኔታ፣ ቀሪው 2 ደግሞ ማንም የማያስቀረው ነው አለ። ይህች 88 ዓለምን ዞረች። የሴፍቲ ሥልጠና ላይ ተቀምጠሽ ከሆነ ሳትሰሚያት አትቀሪም። ግን ከየት መጣች? ከኢንሹራንስ ፋይሎችና ፋብሪካዎች ከያዙት የአደጋ መዝገብ። መዝገቡን የሞላውስ? በአብዛኛው አለቃ። አንቺ አሁን ሙዪ የተባልሽውን ዓይነት ገጽ አስቢ። አለቃ «ሠራተኛው ነው ያጠፋው» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ገጾቹን ይደምርና «አያችሁ፣ አብዛኛው ጥፋት የሠራተኛ ነው» ይላል። ከዚያ ደግሞ የሚቀጥለው አለቃ ያንን ቁጥር ሰምቶ የሚቀጥለውን ገጽ ይሞላል።

እኔም ሞልቻለሁ። ስሙን በማልጠራው ፋብሪካ ወጣት ቴክኒሻን ሳለሁ አንድ ሰው ከመሰላል ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። «መሰላሉን በጥንቃቄ ባለመትከሉ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ዓመት ሳይሞላ ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ወደቀ። ሁለተኛው ሲወድቅ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። ከላይ ያለው የማርሽ ሳጥን ዘይት ያንጠባጥባል። ዘይት የሚይዘው ጎማ አርጅቷል። ወለሉ ጥቁር ስለሆነ ዘይቱ አይታይም። የመጀመሪያው ሰው ከወደቀ በኋላ አንድ ጊዜ አንጋጥጬ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ባልወደቀ። እኔ ግን ቁልቁል ሰውየውን ነበር የማየው።

ልጁ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ብለሻል። ምን እንዲል ትጠብቂያለሽ? የተጎዳ ሰው መጀመሪያ ራሱን ነው የሚወቅሰው። ሥራውን እንዳያጣም ይፈራል። በዚያ ላይ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 የሚባለውን ቦምብ ጣይ የሚያበሩ አሜሪካውያን አብራሪዎች ደህና ካረፉ በኋላ ክንፉ ላይ ያለውን ተንቀሳቃሽ ሳንቃ (ፍላፕ) እናጥፋለን ብለው ጎማውን ያጥፉት ነበር። አውሮፕላኑ በሆዱ ይተኛል። «የአብራሪ ስህተት» ተባለ። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል ሳይኮሎጂስት ኮክፒቱን ሄዶ ሲያይ ሁለቱ ማዘዣዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ መልካቸውም አንድ ነው። መፍትሔው አንዱ ላይ ትንሽ የጎማ ክብ፣ ሌላው ላይ የክንፍ ቅርጽ ያለው ሹል ነገር መለጠፍ ሆነ። አብራሪው በዳበሳ ለየው። ችግሩም ቀረ። አብራሪዎቹን «ተጠንቀቁ» ብሎ መምከር ግን ሲደረግ የከረመ ነገር ነበር።

ማጣራቱ ከየት ይጀመራል ላልሽው፣ ከ«ለምን» አትጀምሪ። ይህን የምልሽ በአማርኛችን ምክንያት ነው። «ለምን እጅህን አስገባህ?» ስትይው ልጁ የሚሰማው ክስ ነው። መልሱም ወይ ይቅርታ ነው ወይ ውሸት። «ያን ቀን ሺፍት ስትገባ ጀምሮ እንዴት እንዴት እንደነበር ንገረኝ» በይው። ከዚያ ዝም በይ። ይናገር። «ሌላ ጊዜ መብራት ሲሄድ እንዴት ነው የምታወጡት?» በይው። ለሰው «እንዴት» በይ፤ «ለምን»ን ለሽቦው፣ ለክዳኑና ለወረቀቱ አቆይው። ሽቦ አይከፋውም።

ሌሎቹንም አንድ በአንድ አናግሪ። ሰብስበሽ አትጠይቂ፤ ሰብስበሽ ከጠየቅሽ የሚናገረው ደፋሩ ብቻ ነው። ጄኔሬተር የሚያስነሣውን ሰው አትርሺ። ጥበቃውን፣ ጽዳት ሠራተኛዋን፣ ቀን ላይ እዚያው ማሽን የሚሠራውን ልጅ። በተለይ የቀኑን ልጅ። እጁን ሳያስገባ የሚሠራበት ዘዴ አለው ወይስ እሱም ያስገባል? እሱም የሚያስገባ ከሆነ፣ እንደኔ ግምት ያስገባል፣ ነገሩ የአንድ ልጅ ግድየለሽነት መሆኑ አበቃ። እናንተ ቤት ሥራው የሚሠራው እንደዚያ ነው ማለት ነው።

ሦስት ሳምንት ስላለፈ ቦታው ታጥቧል። ቢሆንም ወረቀት አይታጠብም። የመብራት መሄጃና መምጫ ሰዓት የጄኔሬተሩ መዝገብ ላይ አለ። የሺፍት ርክክብ ደብተር አለ። የጥገና ክፍሉ መዝገብ አለ። በስልኩ ፎቶ ያነሣ ሰውም አይጠፋም። ሁሉንም ሰብስቢና ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው በሰዓት ደርድሪው። ባዶ የሚቀር ሰዓት ካለ ባዶውን ተዪው፤ በግምት አትሙዪው።

አንድ ሙከራም አለ። ከኤሌክትሪሻኑ ጋር ሆናችሁ፣ ማሽኑ ባዶ ሆኖ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ርቆ፣ ብሬከሩን አብርታችሁ የፋብሪካውን ዋና መስመር አጥፉና መልሱት። በራሱ ተነሣ? እንግዲያው ሌሎቹንም ማሽኖች ሁሉ እንደዚሁ ሞክሯቸው። ኮንታክተር የሚቃጠለው ክሬሸር ላይ ብቻ አይደለምና ሁለተኛ «ለጊዜው» ብታገኚ አልገረምም።

አሁን «ለምን»ን አውጪ። ፋብሪካችሁ ካይዘን የሚባለውን፣ ሥራን በየጊዜው ትንሽ በትንሽ የማሻሻያ የጃፓን ዘዴ፣ ሳያውቀው አይቀርም። የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የ«5ቱ ማ»፣ ማለትም የሥራ ቦታን የማስተካከያ አምስት ደረጃዎች፣ ሰሌዳ የሰቀሉ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። ከዚያው ከጃፓን የመጣ «አምስት ጊዜ ለምን» የሚባል ዘዴ አለ። የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ምሳሌው ቀላል ነው። ማሽኑ ለምን ቆመ? ፊውዝ ተቃጠለ። ለምን? ጭነት በዛበት፣ ኩሽኔታው ቅባት አልደረሰውም። ለምን? የቅባት ፓምፑ በደንብ አይስብም። ለምን? ዘንጉ ተበልቷል። ለምን? ማጣሪያ ስለሌለው የብረት ብናኝ ገባበት። ፊውዙን ብቻ ቀይሮ የሄደ ሰው ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ዘዴው ጥሩ ነው። ግን ያታልላል። አንድ ክር ብቻ ይዘሽ ከወረድሽ የምትደርሺው ልብሽ የፈቀደው ቦታ ነው። አለቃሽም «ለምን» ማለት ይችላል። ለምን ተጎዳ? እጁን አስገባ። ለምን? አላጠፋም። ለምን? ግድየለሽ ነው። አበቃ፣ ሦስት «ለምን» በቃው። የእናንተ አደጋ ቢያንስ ሦስት ክር አለው።

አንደኛው የሽቦው ክር ነው። ማሽኑ በራሱ ለምን ተነሣ? በቀጥታ ስለተገናኘ። ለምን በቀጥታ? ኮንታክተሩ ስለተቃጠለ። ሁለት ወር ሙሉ ለምን አልተተካም? እዚህ ጋ ወረቀት ፈልጊ። የግዢ ጥያቄ ተጽፏል? በስንት ቀን? የማን ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው? ዕቃው ገበያ ላይ ጠፍቶ ነው፣ ዋጋው ተወድዶ ነው ወይስ ማሽኑ ስለዞረ ማንም አልጠየቀም? ኮንታክተሩስ ለምን ተቃጠለ? ሆዱ እንደሞላ ደጋግመው ሲያስነሱት ሊሆን ይችላል። ከሆነ ሽቦውም እጁም ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው፤ ማሽኑ መብራት በሄደ ቁጥር ይታፈናል።

ሁለተኛው የእጁ ክር ነው። ብሬከሩ የት ነው ያለው? ይህን ጥያቄ በደንብ ያዢው። መብራት ሄዷል። ሌሊት ነው። ጨለማ ነው። ብሬከሩ ከማሽኑ ርቆ ሌላ ግድግዳ ላይ ከሆነ፣ ልጁ በዕቃ መሐል እየተደናቀፈ ሄዶ፣ ያለመብራት የቆመን ማሽን «ማጥፋት» ነበረበት። የግድግዳውን ጽሑፍ በጨለማ ማን ያነብበዋል? የመጠባበቂያ መብራት አለ ወይ? በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ያበራ ነበር ወይ? ፕላስቲኩን የሚያወጣበት መንጠቆ ተሰጥቶታል? ብቻውን ነበር? መብራት እስኪመጣ ማሽኑን አጽድቶ ካልጠበቀ ማን ምን ይለዋል? የቀኑ ኪሎ ሲጎድል የሚጮኸው ማን ነው? አንቺ ነሽ? እንደዚያ ከሆነ እሱም ይጻፍ።

ሦስተኛው የወሬ ክር ነው። ጄኔሬተሩን ያስነሣው ሰው መብራቱን ከመልቀቁ በፊት ማንን ጠየቀ? ደወል አለ? ወይስ በራሱ የሚነሣ ነው? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1988 በሰሜን ባሕር ላይ ያለ ፓይፐር አልፋ የሚባል የነዳጅ ማውጫ ተቃጥሎ 167 ሰው ሞተ። ቀን ላይ የአንድ ፓምፕ የደኅንነት ቫልቭ ለጥገና ተነሥቶ ነበር። ቫልቩ እንደሌለ የሚገልጸው ወረቀት ማታ ለገባው ሺፍት አልደረሰም። ሌላኛው ፓምፕ ሲቆምባቸው ያንን አስነሡት። የናንተ ክሬሸር ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ግን «ማን ያውቅ ነበር፣ ማን አላወቀም» የሚለው ጥያቄ ያው ነው። ልጁ ማሽኑ በቀጥታ መገናኘቱን ያውቅ ነበር? ያውቃል ብለሽ አትገምቺ። ጠይቂው።

አሁን ደግሞ አንቺ። «እኔም አውቅ ነበር» ብለሻል። እንቅልፍ የነሳሽም እሱ ነው። ሪፖርቱ ውስጥ ይግባ። ራስሽን ለመስቀል አይደለም። «የሺፍት ኃላፊዋ ማሽኑ በቀጥታ መገናኘቱን ታውቅ ነበር፤ ማሽን የማስቆም ሥልጣን እንዳላት የሚገልጽ መመሪያ የለም» ብለሽ ጻፊ፤ እውነት ከሆነ። ካለሽ ደግሞ ያለሽ መሆኑን ጻፊና ለምን እንዳላስቆምሽ ራስሽን «እንዴት» ብለሽ ጠይቂ። ባለፈው ማሽን ያስቆመ ሰው ምን ደረሰበት? ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ነው ያለው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አንቺ ራስሽ የነገሩ አካል ስለሆንሽ ማጣራቱን ብቻሽን አትምሪው። ከሌላ ሺፍት አንድ ሰው፣ ከሠራተኛ ማኅበሩ አንድ ሰው፣ ካለ የደኅንነት ኮሚቴው። ኤሌክትሪሻኑም ይኑርበት፤ ሽቦውን ያሰረው እሱ ቢሆንም። እሱን ካባረራችሁት የሚቀጥለው ኤሌክትሪሻን ሽቦ ማሰሩን አይተውም፤ የሚተወው መናገሩን ነው።

ስለ ሕጉ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ይህን ማወቅ አለብሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሕክምናውንም መሸፈን አለበት። ከዚህ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው። ታዲያ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስም እንደዚያ ሊቆጠር ይችላል። አሁን የግድግዳውን ጽሑፍ አስቢ። «መመሪያ ተላልፎ፣ በጥንቃቄ ጉድለት» ብለሽ የምትፈርሚው አንድ ገጽ ነገ የልጁን ካሳ ለመከልከል የሚመዘዝ ወረቀት ሊሆን ይችላል። አለቃሽ ይህን አስቦ ነው አልልም። ምናልባት ፋይል መዝጋት ብቻ ነው የፈለገው። ወረቀቱ ግን የጻፈውን ሰው ሐሳብ አይጠይቅም። ሌላም አለ፤ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትን መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። መደረጉን ጠይቂ።

አለቃሽን እንዴት ታነጋግሪዋለሽ? ስለ ጥፋት አትከራከሪው። ልጁ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብላችሁ ከገባችሁበት አትወጡም። «እሺ፣ ልጁ አጥፍቷል እንበል። ነገ ሌላ ልጅ እዚያ ቦታ ስናቆም ማሽኑ በራሱ ይነሣል ወይስ አይነሣም?» በይው። ሙከራውን አሳዪው፤ ቢቻል ዓይኑ እያየ። የኮንታክተሩን ዋጋ ከሱቅ ጠይቀሽ በወረቀት ይዘሽ ግቢ። ማሽኑ ቆሞ የዋለባቸውን ሰዓታትም ጎን ለጎን አስቀምጪለት። አለቃ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ያያል።

ገጹን እንዴት ልጻፍ ላልሽው፣ እኔ ብሆን እንዲህ እጀምራለሁ፦ «መብራት በመቋረጡ ክሬሸሩ ውስጡ ፕላስቲክ እንደያዘ ቆመ። ሠራተኛው በተለመደው አሠራር መሠረት በእጁ ሲያወጣ ጄኔሬተሩ ተነሣ። የማሽኑ ኮንታክተር ከተቃጠለበት ቀን ጀምሮ ሞተሩ በቀጥታ ከብሬከር ጋር የተገናኘ በመሆኑ፣ ያለ ሰው ትእዛዝ ተነሥቶ ጉዳት አደረሰ።» «በተለመደው አሠራር» የሚለውን የምትጽፊው የቀኑን ልጅ ካናገርሽ በኋላ ብቻ ነው። «ጥንቃቄ»፣ «ቸልተኝነት»፣ «ግድየለሽነት» የሚሉትን ቃላት ከገጹ አውጪና ምን እንደሚቀር እዪ። የሚቀረው የሆነው ነገር ነው።

የመፍትሔው ክፍል ላይ «ሠራተኞች እንዲጠነቀቁ ማሳሰቢያ ይሰጥ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ማሳሰቢያ እኮ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ። ጓንትም አይረዳም፤ የክሬሸር ቢላ ጓንት አይለይም፣ እንዲያውም ጓንቱን ይዞ እጁን ይስባል። የሚረዳው ሰው ቢዘነጋም የሚሠራው ነገር ነው። አዲስ ኮንታክተር። የሚሠራ የክዳን ስዊች። ከማሽኑ አጠገብ፣ በቁልፍ የሚቆለፍ ማጥፊያ፤ የሚያጸዳው ሰው ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ የሚከትበት። የመጠባበቂያ መብራት። ጄኔሬተር ከመነሣቱ በፊት የሚጮህ ደወል። ረጅም መንጠቆ። ከእያንዳንዱ ጎን ስምና ቀን ይኑር። ከዚያ ደግሞ «ለጊዜው» ለሚለው ነገር አንድ ደብተር ይከፈት። ማንም ሰው አንድን መከላከያ ለጊዜው ሲፈታ ይጽፈዋል፣ ማን እንደፈቀደ ይጽፋል፣ መቼ እንደሚያበቃ ይጽፋል። ቀኑ ሲደርስ ካልተጠገነ ማሽኑ ይቆማል። እኔ በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቴ ይህን ደብተር ማስያዝ ችዬ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ የተጻፈውን ሳይ ደነገጥኩ። ያልሰማኋቸው ነገሮች ነበሩ፤ ሁሉም ከኔ ክፍል የወጡ።

አለቃሽ አልፈርምም፣ እንደነገርኩሽ ጻፊ ካለስ? ያየሽውን ጽፈሽ፣ ቀን አድርገሽበት፣ በመዝገብ ቤት በኩል አስገቢ። ቅጂው እጅሽ ላይ ይኑር። እውነት ያልሆነ ነገር ላይ ብቻ አትፈርሚ። ይህ ዋጋ ሊያስከፍልሽ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም።

ልጁን ልትጠይቂው ስትሄጂ ብርቱካን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። የሕክምና ማስረጃውን ዋናውን ለማንም እንዳይሰጥ፣ ቅጂ ብቻ እንዲሰጥ ንገሪው። አስፈርሙት የሚል ወረቀት ቢመጣለት ሳያነብ እንዳይፈርም፤ የቀኝ እጁ ስለሆነ ሌላ ሰው «እኔ ልፈርምልህ» ሊለው ይችላል። የኮንታክተሩን ነገርም አስረጂው፤ አረንጓዴውን፣ ቀዩን፣ ያችን የምትይዝና የምትለቅ ጥቅል ሽቦ። እስካሁን ማንም አልነገረው ይሆናል።